አቡነ ያዕቆብን ለጣልያን አንሰጥም
«የባዕድ በዓል በደሴ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የአሥር ዓመት ልጄ የፈተና ጥናቷን አቋርጣ «አባዬ፣ እኛ የጣልያን ወገን ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት፣ የክፍል ጓደኛዋ አባት «የባዕድ በዓል በደሴ» የሚል ጽሑፍ ለቤተሰባቸው ጮክ ብለው አንብበው ኖሯል፤ ልጁም የሰማውን በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይዞት መጣ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ጽሑፉን ፈልጌ ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ ካቶሊኮች ሐምሌ 23 ቀን የምናከብረው የቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ በእኛ አጠራር የአቡነ ያዕቆብ፣ በዓል የጣልያን በዓል ነው። ሰውየው የቅኝ ገዥዎች መንገድ ጠራጊ ነበሩ፤ ግዕዝን በላቲን ሊተኩ መጡ፤ የትግራይና የሰሜን ገዥ የነበሩትን የደጃዝማች ውቤን መልእክተኞች አታለው ሮም ወሰዱ። በዓሉም ከሮም በትእዛዝ የወረደ፣ ስንክሳር የማያውቀው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ዕለት የሚሻማ ነው። በመጨረሻም እፍኝ ለማይሞሉ ሰዎች ሲባል ወሎ ይህን በዓል መሸከም የለበትም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የጻፉት በጨዋ አንደበት ነው፤ በጨዋ አንደበት እመልስላቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመኖቹን የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዘመን መቁጠሩ ለዚህ ክርክር ዋና ነገር ስለሆነ አንባቢ ይታገሰኝ።

አቡነ ያዕቆብ የተወለዱት ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ሳን ፌሌ በምትባል፣ ዛሬ ደቡብ ጣልያን ውስጥ ባለች ተራራማ መንደር ነው። መንደሪቱ ያን ጊዜ በኔፕልስ ነገሥታት ሥር ነበረች። ያረፉት ጁላይ 31 ቀን 1860 ነው። በዚያ ወር ጣልያንን አንድ ለማድረግ የሚዋጋው የጦር መሪ ጋሪባልዲ ገና ከሲሲሊ ደሴት አልወጣም፤ ኔፕልስ የገባው ሴፕቴምበር 7 ቀን ነው። የጣልያን መንግሥት የታወጀው ደግሞ ማርች 17 ቀን 1861 ነው። እንግዲህ ጸሐፊው «የጣልያን መንግሥት መልእክተኛ» የሚሏቸው ሰው፣ ያ መንግሥት ሲታወጅ ከተቀበሩ ስምንተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። አሰብ የተሸጠችው በ1869፣ ምጽዋ በጣልያን ጦር የተያዘችው በ1885፣ ዐድዋ የተዋጋነው በ1896 ነው። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ደርድሮ ከሁሉም ፊት አቡነ ያዕቆብን አቁሟል፤ የሞቱበትን ዓመት ግን አንድም ቦታ አልጻፈውም። ቢጽፈው ኖሮ አንቀጹ ራሱ በፈረሰ ነበር።

ጸሐፊው ሊያነሡት ይችሉ የነበረና ያላነሡት አንድ ስም አለ፤ እኔው ላንሣው። ጁሴፔ ሳፔቶ ይባላል። አቡነ ያዕቆብ ከመምጣታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1838፣ ዐድዋ የገባ፣ አቡነ ያዕቆብም አባል የሆኑበት የላዛሪስቶች የሚስዮናውያን ማኅበር ቄስ ነበር። በ1869 ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብን የገዛው እሱ ነው። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ካቶሊክ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ ሊያፍር ይገባዋል፤ እኔም አፍራለሁ። ነገር ግን ሳፔቶ ያደረገው በሳፔቶ ላይ ይቆጠር። ሁለቱ በአንድ ዘመን አንድ አገር ገቡ፤ አንደኛው የአገሪቱን መሬት ገዛ፣ ሌላኛው በአገሪቱ መሬት ተቀበረ።

ሌላም የማልክደው ነገር አለ። አቡነ ያዕቆብ በምጽዋ ከነበረው የፈረንሳይ ቆንስላ ጋር ይገናኙ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ዐፄ ቴዎድሮስን የተቃወመው አገው ንጉሤ ወደ ፈረንሳይ ሲያማትር ከእሱ ጋር የነበራቸው ቅርበት እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ቢቆጡ አይገርመኝም። ቅዱስ ነው ማለት በፖለቲካ አልተሳሳተም ማለት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እንዲህ ብላ አታስተምርም። ይህ ግን ከ1896ቱ ዐድዋም ሆነ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ የለም።

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የከበደኝ ደሴን የጠቀሰበት ቦታ ላይ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማችንን በቦምብ የደበደበ አገር ልጅ እንዴት በከተማችን ይከበራል ይላሉ። ይህን ስሜት አከብረዋለሁ፤ የእኔም ስሜት ነው። ያን ዕለት የጣልያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳን አላለፉትም። አያቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ በጀርባዋ አዝላት ወደ ጦሳ ተራራ ስትሮጥ ምጣድ ላይ የተወችው እንጀራ፣ ሲመለሱ ከሰል ሆኖ እንደቆያቸው እስክትሞት ድረስ ትናገር ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ ሰማንያ ዓመት አልፏትም፣ እጇ ነጠላዋን ይጨብጥ ነበር። ሐምሌ 23 ቀን ማለዳ ሁላችንን ቀድማ የምትነሣው ግን ያቺው አያቴ ነበረች። ጣልያንን ይቅር አለች ብዬ አልዋሽም። አቡነ ያዕቆብን ግን «የእኛ ሰው» ትላቸው ነበር። ሁለቱን ለመለየት መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለጋትም።

በ1935 መኸር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ወረራውን ሲያወድሱ መስበካቸው እውነት ነው። ለዚያ ስብከት ጠበቃ አልሆንም። የአቡነ ያዕቆብ ብፅዕና፣ ማለትም ከቅድስና አዋጅ በፊት የሚሰጠው ማዕረግ፣ የታወጀውም ጁን 25 ቀን 1939 ነው፤ ሙሶሊኒ በሮም፣ ጦሩ በእኛ ከተማ በነበረበት ጊዜ። ጸሐፊው ይህን በጥርጣሬ ቢያዩት መብታቸው ነው፤ ወቅቱ ለእኔም ይጎረብጠኛል። ታዲያ ለምን ቀጥለው አልቆጠሩም? ከአቡነ ያዕቆብ አሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1926፣ ብፁዕ የተባለው ማን ነበር? በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለደው ጎጃሜው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነው፤ የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር፣ በኋላም በእጃቸው የቀሰሰ፣ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ የሞተ። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ቀደማቸው። የቅድስናቸው አዋጅ ደግሞ የመጣው ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ነው፤ ፋሺዝም ከወደቀ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ አዲስ አበባም በደርግ እጅ ሆና። ያን ጊዜ ማንን ለማስደሰት ታወጀ ሊባል ነው?

ወደ ግዕዙ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

ካቶሊክ ግዕዝን ሊያጠፋ መጣ የሚለው ስጋት ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን፣ በተለይም ፓትርያርክ ሜንዴዝ፣ የላቲንን ሥርዓት በአገሪቱ ላይ ለመጫን ሞክረው ደም ፈሷል። በ1632 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ የሆነውን ማንም ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ሊያስተባብል አይገባም። ያ ጠባሳ ለሁለት መቶ ዓመታት በሩን ዘጋው፤ በትክክልም ዘጋው።

አቡነ ያዕቆብ ያንን ያውቁ ነበር። በ1839 ምጽዋ ወርደው ዐድዋ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መማር ነው። ልብሱን ለበሱ፣ እንጀራውን በሉ፣ ቋንቋውን ተማሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰዎች ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግራቸው፣ አፍ የልብ በር እንደሆነ፣ ቃልም የልብ ቁልፍ እንደሆነ ተናገሩ። ጓላ ላይ፣ ከዐዲግራት አጠገብ፣ የዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ወጣቶቹን በላቲን እንዲቀድሱ አላሠለጠኗቸውም፤ በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ ነው ያዘጋጇቸው። የአገሬው ቄስ በአገሬው ሥርዓት ይቀድስ የሚለው አቋማቸው ከሌሎች ሚስዮናውያን ጋር አላስማማቸውም፤ እሳቸው ግን አልተዉትም። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «የግዕዝ ሥርዓት» የምትለው ያላት በዚያ ውሳኔ ነው። ግዕዝን ሊያጠፉ መጡ የተባሉት ሰው፣ ግዕዝ በካቶሊክ መቅደስ ውስጥ እንዲኖር ያደረጉት ሰው ናቸው።

ጸሐፊው ሮምን የግዕዝ ጠላት አድርገው ማቅረባቸውም ከታሪክ ጋር አይሄድም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው በ1513 ሮም ውስጥ ነው። የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንም በ1548 እዚያው ሮም ታተመ፤ ሥራውን የመሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩ፤ የሚኖሩትም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በነበረው የሐበሾች ገዳም ነው። አቡነ ያዕቆብ ከመወለዳቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ነው የጠቀስኩት። አሁን ዓይኔ ያየውን ልናገር። ያለፈው ዓመት ሐምሌ 23 ረቡዕ ነበር። ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ አድሮ ጦሳ በጉም ተሸፍኗል፤ ቅጥር ግቢው ጭቃ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ቡትስ ጫማ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የሕፃን ሸራ ጫማ፣ ሁሉም እስከ ማሰሪያው ጭቃ የጠጣ። ከውስጥ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ይሰማል፤ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ይመልሳል። በግራ ግድግዳ ላይ የአቡነ ያዕቆብ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ነጭ ጥምጥም፣ ረጅም ጢም፣ ትከሻቸው ላይ ካባ። አንድ እንግዳ ሰው ገብቶ ቢያያቸው የጎንደር ወይም የአክሱም መምህር ናቸው ብሎ ነው የሚያልፈው። ልጄ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ጸናጽል ይዛለች፤ እጇ ገና አልጠናምና ምቱን አንዳንዴ ትስታለች፤ አጠገቧ ያሉት እናት በክርናቸው ነካ ያደርጓታል፤ ትመለሳለች። «የጣልያን ወገን ነን እንዴ?» ብላ የጠየቀችኝ ይህቺ ልጅ ናት።

የደጃዝማች ውቤን መልእክተኞች ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ። ጽሑፉ አቡነ ያዕቆብ በ1841 መልእክተኞቹን «አታለው» ሮም እንደወሰዷቸው ይናገራል። የሆነው ይህ ነው። ውቤ ከግብጽ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ የጠየቁት ራሳቸው ውቤ ናቸው። እሳቸውም ከካይሮ በኋላ ወደ ሮም መሄድን እንደ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ፤ ውቤም ተቀበሉ። ካይሮ ላይ ፓትርያርኩ ወጣቱን አቡነ ሰላማን ሾሙ፤ ከመልእክተኞቹ የተወሰኑት ከጳጳሱ ጋር ወደ አገር ተመለሱ፤ ሌሎቹ ወደ ሮም ተጓዙ፤ በዚያም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከሄዱት አንዱ ያ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ በየገዳሙ እየዞረ መጻሕፍትን የመረመረ፣ ሊቃውንትን በክርክር የሚያስጨንቅ። እንዲህ ያለውን ሰው «ተታለለ» ማለት የሚሰድበው አቡነ ያዕቆብን ሳይሆን የጎጃምን ሊቅ ነው። ወደ ካቶሊክ ኅብረት የገባውም ከሮም እንደተመለሰ ወዲያው አይደለም፤ በ1844 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ አስቦበታል።

«ከሮም የታዘዘ በዓል» የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው ስለ ቤተ ክርስቲያናችን አሠራር የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ሮም ለዓለም ካቶሊክ ሁሉ የምታወጣው አጠቃላይ የበዓላት መዝገብ አለ። የአቡነ ያዕቆብ ስም እዚያ ውስጥ የለም። ፓሪስም ሆነ ማኒላ ያለ ተራ ምእመን ጁላይ 30 ቀን ስማቸውን ሳይሰማ ይውላል። በዓላቸውን የሚያከብሩት የላዛሪስቶች ማኅበርና እሳቸው የኖሩባቸው አገሮች ሰዎች፣ ማለትም እኛና ኤርትራውያን ነን። ሮም በእኛ ላይ የጫነችው ሳይሆን ለእኛ የተተወልን በዓል ነው። ጁላይ 30 የሆነውም ባረፉበት በ31ኛው ቀን የኢየሱሳውያን መሥራች የቅዱስ ኢግናጢዮስ በዓል ስለሚውል ነው፤ ለእሱ ቦታ ለቀው በአንድ ቀን ቀደሙ።

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 23 ላይ ወድቆ ከወርኃዊው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር መግጠሙ ጸሐፊውን አስቆጥቷል። እኛም እኮ ጊዮርጊስን እንወዳለን! በዚያ ጠዋት ስሙ በጸሎታችን ይጠራል። ስንክሳር ስለማያውቃቸው ለሚለው፣ ስንክሳር በተጻፈበት ዘመን ገና አልተወለዱም ነበር፤ ከዚህ በላይ መልስ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የመጨረሻው ነጥብ የሚያምመኝ ነው። ጥቂቶች ናችሁ፤ ወሎ የእስልምናና የተዋሕዶ አገር ነው ይላሉ። ጥቂቶች መሆናችን እውነት ነው። በ2015 የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም የከተማችን ስም በሀገረ ስብከት ስም ውስጥ ገባ ብለን የተደሰትነው፣ ቁጥራችን በዝቶ ሳይሆን እንዳለን የሚያውቅልን ስላገኘን ነው። ግን ጸሐፊው ደሴ ላይ ተቀምጠው «የእነዚህና የእነዚያ አገር» ሲሉ ከከተማው ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ ያለችውን ቦሩ ሜዳን እንዴት ረሷት? በ1878 በዚያ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ክርክሩን በአዋጅ ቆረጡት፤ የወሎ ሙስሊምም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ስንቱ ቀን ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት ሌሊት ሰገደ! ስንቱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ! የዚህ ምድር ሰው አንድ ሃይማኖት ለአንድ አገር ብሎ ማወጅ ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያውቃል። የወሎ መቻቻል የተወለደው ከዚያ ቁስል በኋላ ጎረቤት ለጎረቤት በሠራው ሥራ ነው እንጂ ከላይ በወረደ ቃል አይደለም።

የተሠራውን ሥራ አምና በበዓሉ ላይ አይቼዋለሁ። ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ ምግቡ የጾም ነበር፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ስለዚህም ቢላዋው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር የተዋሕዶውም፣ የሙስሊሙም፣ የእኛም ጎረቤት ከአንድ ትሪ በላ። ቡናውን ያፈሉት አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ጀበናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሰሉን በጣሳ ይዘው፣ በዝናቡ መጡ፤ «የእናንተ ጀበና አፉ ተሰብሯል፣ አውቀዋለሁ» አሉ። አቦሉ ሲወርድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ ለልጆቹ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለክረምቱ። «አሚን» አልን። አያቴ በሕይወት ሳለች የምትቀመጥበትን በርጩማ አይተው «እሳቸው ቢኖሩ በረካውን ሳይጠጡ አይነሡም ነበር» አሉ። ጸሐፊው ወሎ አይሸከመውም ያሉትን በዓል እኚህ ሴት ከሰሉን ጭምር ተሸክመው መጥተውለታል።

አቡነ ያዕቆብ የሞቱት በመንገድ ላይ ነው፤ ሙቀቱ በጠናበት የዓሊጌዴ ሸለቆ ውስጥ፣ ወደ ሐላይ ሲያቀኑ፣ ድንጋይ ተንተርሰው፣ ደቀ መዛሙርታቸው ከበዋቸው። መቃብራቸው በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ፣ ሄቦ፣ ነው። አያቴ አንድ ጊዜ ሄዳ መሳለም ትመኝ ነበር፤ በመጀመሪያ ጦርነት፣ ቀጥሎ የተዘጋ ድንበር ከለከላት፤ ሳይሳካላት ሞተች። ሳን ፌሌን ግን አንድም ቀን ጠይቃን አታውቅም፤ ስሟንም የሰማች አይመስለኝም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። «የጣልያን መንግሥት መልእክተኛ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያርሙት። ሌላውን እንደያዙት ይያዙት፤ በእምነት መለያየታችን ያለ ነው፣ ይኖራልም። ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን የዓመታቱ ቁጥር ሐሰት ያደርጋታል፤ የልጄ የክፍል ጓደኛም እርማቱን ከአባቱ አፍ ቢሰማው ደስ ይለኛል። በዓሉ ዘንድሮ ሐሙስ ይውላል። ቅዳሴው በማለዳ ይጀመራል፣ ቡናው ከቅዳሴ በኋላ ነው። መምጣት ከፈለጉ ጋቢ ይደርቡ፤ በዚያ ሰዓት ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ይጠናል።